ኮርቻ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ፈልጉ

ሮድ ብስክሌት፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለውን የአስፋልት ብስክሌት፣ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማርሽም ስለ ጎማም አይደለም። «መቀመጫዬን ገደለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ነው የሚለው። መልሱም ሁሌ ከሁለት አያልፍም። አንዱ «ትለምጂዋለሽ» ይላል። ሌላው «ለስላሳ ኮርቻ ግዢ» ይላል። እኔም ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። የሚለመድ ሕመም አለ፤ ፈጽሞ ሊለመድ የማይገባውም አለ። ለስላሳ ኮርቻም ዳቦ ቤት ደርሶ ለመመለስ ደስ ይላል፤ ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

ይህን የምጽፈው ገና ለጀመራችሁ ነው። በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ፣ ሱቅ ገብቶ አምስት ኮርቻ አስወርዶ መሞከር በማይቻልበት ቦታ ላላችሁ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። እኔ በመጨረሻ ኮርቻ ቀይሬያለሁ። ከሕመሙ ግማሹ የጠፋው ግን ኮርቻው ሳይቀየር ነው።

ብስክሌቴ ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ የአሉሚኒየም ሮድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ፣ የጭነት መኪናው መንገዱን ሳይሞላው፣ ከጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። አንዳንዴ ከአዲሱ ገበያ ተነስተን በእንጦጦ ኬላ አድርገን ወደ ሱሉልታ እንወርዳለን። አንዳንዴ ደግሞ በለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ። ሁለቱ መንገዶች ኮርቻን በየራሳቸው ይፈትናሉ። ዳገቱ ላይ ሰውነት ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ክብደቱ ሁሉ የኮርቻው ሰፊ ክፍል ላይ ያርፋል። ሜዳው ላይ ደግሞ ጎንበስ ብለን ስንገፋ ወደ ፊት እንንሸራተታለን፣ ጫናው ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይመጣል። «ዳገት ላይ ደህና ነኝ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚያመኝ» የምትሉ ካላችሁ ልብ በሉ፤ ይህ ራሱ መረጃ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ሰኞ ሰኞ ቢሮ ውስጥ የምቀመጠው በአንድ ጎኔ ነበር። «ምን ሆነሽ ነው?» ስባል «ወገቤን ነው» እል ነበር። ምን ልበል ታዲያ?

ለማንኛውም፣ የመጀመሪያው ሥራ ሕመሙ የት እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነው። «መቀመጫዬን» ማለት አይበቃም። ጠንካራ ወንበር ላይ ቁጭ ብላችሁ እጃችሁን ከስር ብትሰዱ ሁለት አጥንቶች ታገኛላችሁ። በብስክሌት ላይ ክብደታችሁን ሊሸከሙ የሚገባቸው እነዚያ ናቸው። ሕመሙ እነሱ ላይ ከሆነ፣ ማለትም በሁለቱም በኩል እንደ መቀጥቀጥ የሚል፣ በማግስቱ ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ አዲስ ጀማሪ ነው የሚያሰኛችሁ። ቀስ እያላችሁ ብትነዱ፣ በመሃልም ዕረፍት ብትሰጡት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። «ትለምጂዋለሽ» የሚለው ምክር የሚሠራው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሕመሙ በሁለቱ አጥንቶች መሃል፣ ወደ ፊት ባለው ለስላሳ ቦታ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚያልፉት ነርቭና የደም ሥር ናቸው። መደንዘዝ ከመጣ፣ ከብስክሌት ወርዳችሁም ትንሽ ቆይቶ «ስሜቱ ሲመለስ» የሚታወቃችሁ ከሆነ፣ ያንን መልመድ የሚባል ነገር የለም። አንድ ነገር መስተካከል አለበት። ወንዶች በዚህ ጉዳይ ዝም ይላሉ፤ ሴቶችም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ በብስክሌት በሚዘዋወሩ ፖሊሶች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ፊት ለፊቱ ሹል ጫፍ የሌለው ኮርቻ ለስድስት ወር ሲሰጣቸው የመደንዘዙ ችግር በጣም ቀንሷል። ለሮድ እንዲህ ያለው ኮርቻ አይመችም፤ ቀጭኑ ጫፍ ብስክሌቱን በጭን ለመቆጣጠር ያስፈልጋል። ግን ጫናው ከየት እንደሚመጣ በደንብ ያሳያል። ሁሉን አስተካክላችሁም መደንዘዙ ካልቀረ፣ ወይም ከወረዳችሁ በኋላ ለረጅም ሰዓት ከቆየ፣ ብስክሌቱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሦስተኛው የቆዳ ሕመም ነው። ብሽሽት አካባቢ መላላጥ፣ መቅላት፣ ሲብስም ብጉንጅ። ይሄ ብዙ ጊዜ ከኮርቻው ይልቅ የልብስ፣ የላብና የኮርቻ ከፍታ ጉዳይ ነው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ለስላሳው ነገር። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ በቀላሉ የሚገኘው ጄል ያለበት የኮርቻ ልብስ ነው። ገዝቼ አጥልቄዋለሁ። ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት እሰየው ነው። ከዚያ ግን ያው ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ ላይ እንደ መተኛት ይሆናል፤ አጥንቱ ሰምጦ ከታች ያለውን ጠንካራ ነገር ያገኛል፣ የተገፋው ስፖንጅ ደግሞ ወደ መሃል ተነስቶ መነካት የሌለበትን ቦታ ይጫናል። በዚያ ላይ ልብሱ እየተንሸራተተ ቆዳ ይፍቃል። አጥንት ላይ የነበረውን ሕመም ቀንሶ መደንዘዝ ያመጣል ማለት ነው። የማይረባ ልውውጥ!

«ታዲያ ትልልቆቹ ብስክሌተኞች እንዴት ያንን ጠንካራ ነገር ይችሉታል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስ አይተናል። የኛው ፅጋቡ ግርማይም እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነሱ የሚቀመጡበት ኮርቻ ስስ ነው፣ ጠንካራ ነው። ሚስጥሩ እግራቸው ነው። ፔዳሉን በኃይል ሲረግጡ ሰውነታቸው ከኮርቻው ላይ ይቀላል፤ ክብደቱ ለእግር፣ ለእጅና ለመቀመጫ ይከፋፈላል። እኛ ጀማሪዎቹ ግን ቀስ ብለን እየረገጥን ሙሉ ክብደታችንን ኮርቻው ላይ እንጥለዋለን። ስለዚህ ጉልበታችሁ ሲጨምር ከሕመሙ የተወሰነው በራሱ ይሄዳል። ይህን ማወቅ ያጽናናል፤ ዛሬ የሚያማችሁን ነገር ግን አያስተካክልም።

የኔን ያስተካከሉልኝ ሰፈራችን አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ናቸው። ጄሉን ገፍፌ ሄጄ «ጋሼ፣ ኮርቻ ይቀይሩልኝ» አልኳቸው።

«ምኑን ነው የምቀይረው? መጀመሪያ በዚህኛው ተቀመጪበት እንጂ!» አሉኝ።

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው «ውጪበት» አሉኝ። ጫማዬን አስወልቀው ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አስደርገው ወደ ኋላ እንድሽከረክር አዘዙኝ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዜ አልደረሰበትም፤ እንዲደርስ ዳሌዬን ወደዚያና ወደዚህ እጥል ነበር። «አየሽ? እየነዳሽ አይደለም፣ እየጨፈርሽ ነው» አሉ። ዳሌ በእያንዳንዱ ዙር ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚወድቅ ከሆነ ብሽሽት ከኮርቻው ጋር ይፋፋቃል። መላላጤ የመጣው ከዚያ ነበር።

ደንቡ ቀላል ነው። ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ፣ ዳሌ ሳይንቀሳቀስ እግር ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ ወትሮው በእግራችሁ የፊት ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እንደታጠፈ ይቀራል። በቁጥር የሚፈልግ ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀውን ስሌት ይጠቀም። ባዶ እግራችሁን ግድግዳ ተጠግታችሁ ቁሙ። መጽሐፍ በጭኖቻችሁ መሃል አድርጋችሁ ወደ ላይ አጥብቃችሁ ሳቡ፣ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለሉ ለኩ። ያንን በ0.883 አባዙት። የሚመጣው ፔዳሉ ከሚዞርበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። የኔ 78 ሴንቲ ነው፤ ሲባዛ 69 ሴንቲ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ኮርቻዬ ግን ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነው የኖረው። ለረጅም ሰው ተብሎ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ስሌቱን እንደ መነሻ ብቻ ያዙት፤ የጫማ ውፍረትም የሰው ቅልጥፍናም ይለያያል።

አንድ ማሳሰቢያ። ኮርቻው የቆመበት ቱቦ ላይ የተጫረች መስመር አለች። ቱቦውን ከዚያ በላይ አትሳቡት። ይሰበራል፤ ፍሬሙንም ይሰነጥቃል።

ቀጥሎ ውሃ ልክ አወጡ። እውነተኛ የግንበኛ ውሃ ልክ። ኮርቻው ላይ ቀጥ ያለች ጣውላ አስተኝተው ውሃ ልኩን ከላዩ አደረጉ። አረፋዋ ወደ ፊት ሮጣ ጥግ ያዘች። የኮርቻው አፍንጫ ቀና ብሎ ነበር። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ጎንበስ ስል የሚደነዝዘኝ። ከስር ያለችውን ብሎን ላላ አድርገው፣ አረፋዋ መሃል እስክትቆም ደልድለው መልሰው አጠበቁት። «ከዚህ ወደ ታች ከፈለግሽ በጣም ትንሽ ነው፣ አታብዢው» አሉ። እውነታቸውን ነው። አፍንጫው ብዙ ካዘቀዘቀ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ክብደቱ እጅ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ መዳፍ መደንዘዝ ይጀምራል። ከአግድም ወደ ታች አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ለብዙ ሰው ይበቃል።

በመጨረሻ ክር ላይ የብሎን ዳዶ አስረው ቱንቢ ሠሩ። ፔዳሎቹ አግድም ሆነው፣ ክሩ ከፊተኛው ጉልበቴ ፊት ሲንጠለጠል ፔዳሉ መሃል አካባቢ እንዲወርድ ኮርቻውን ትንሽ ወደ ፊት ገፉት። ይሄኛው ልኬት ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። መነሻ ግን ይሆናል። ሲጨርሱ ቱቦው ላይ ጥቁር ናስትሮ ጠመጠሙ፣ ከፍታው እንዳይጠፋኝ። የተቀበሉኝን ገንዘብ ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ከአንድ ማኪያቶ ዋጋ ብዙ አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ መላላጡ ቆመ። መደንዘዙም በጣም ቀነሰ። የአጥንቱ ሕመም ግን አለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስነዳ አንድ ዓይነት ስለት ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ይሄ ነው ወደ ካርቶኑ የወሰደኝ።

በየሱቁ ደጃፍ የሚጣለውን፣ በውስጡ ሞገድ ሞገድ ያለውን ካርቶን ታውቁታላችሁ። የቴሌቪዥን ወይም የዘይት ካርቶን ይሆናል። ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጠንካራ በርጩማ ወይም የደረጃ እርከን ላይ አስቀምጡት። ስስ ቁምጣ ለብሳችሁ ተቀመጡበት። ጎንበስ በሉ፣ ብስክሌት ላይ እንዳላችሁ ያህል። ተረከዛችሁን ከመሬት አንሱ፣ ጉልበታችሁ ከፍ ይበል። እጃችሁን ከበርጩማው ስር ሰዳችሁ ራሳችሁን ወደ ታች ሳቡ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል እንዲህ ሁኑ። ከዚያ ሳትንሸራተቱ ቀጥ ብላችሁ ተነሱ።

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ስትወስዱት ሁለት የተጨፈለቁ ጉድጓዶች ታያላችሁ። በግልጽ ካልታየ ጠመኔ በጎኑ አድርጋችሁ በስሱ አሹበት፤ ዙሪያው ይቀባል፣ ጉድጓዱ ነጭ ሳይነካው ይቀራል። የእያንዳንዱን ጉድጓድ መሃል በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከነጥብ እስከ ነጥብ ለኩ። እናቴ በሩን ከፍታ ገብታ በጠመኔ የተጨማለቀ ካርቶን ላይ ሜትር ይዤ ስታገኘኝ «ምን እየሠራሽ ነው?» አለችኝ። «መቀመጫዬን እየለካሁ ነው» ስላት በሩን መልሳ ዘጋችው።

የኔ 12 ሴንቲ ተኩል መጣ። በሮድ አቀማመጥ ለሚነዳ ሰው ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ይጨመርበታል፤ አጥንቶቹ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከጠርዙ ገባ ብለው እንዲያርፉ። በጣም ጎንበስ የሚል ትንሽ ይጨምር፣ ቀና ብሎ የሚነዳ ብዙ ይጨምር። ስለዚህ ለኔ ከ14 ሴንቲ ተኩል እስከ 15 ሴንቲ ተኩል። ብስክሌቱ ላይ የነበረው ኮርቻ በሰፊው ቦታ 13 ሴንቲ ነው። አጥንቶቼ ትክክል ጠርዙ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ስለት ያልኩት እሱን ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ልኬት ከውፍረትና ከቅጥነት ጋር አይገናኝም። ቀጭን ሆኖ አጥንቱ ሰፊ የሆነ ሰው አለ። ሴቶች በአማካይ ትንሽ ይሰፋሉ ይባላል፣ እውነት ነው፤ ግን ከኔ የሚሰፋ ወንድ ቡድናችን ውስጥ አለ። ስለዚህ «የሴት ኮርቻ»፣ «የወንድ ኮርቻ» የሚለው ጽሑፍ ከቁጥሩ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ያ 13 ሴንቲ ኮርቻ መጥፎ ኮርቻ አይደለም። ካርቶኑ ላይ 10 ሴንቲ ለመጣው አንድ የቡድናችን ልጅ ሰጠሁት፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ይሄድበታል።

ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ ሜትር ይዛችሁ ሱቅ ግቡ። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው የሚሸጠው ወይ ሰፊ ባለ ስፕሪንግ ነው፣ ወይ መጠኑ ያልተጻፈበት ነው። የተጻፈበት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከስሩ በሚሊ ሜትር ታገኙታላችሁ። ካልሆነ ራሳችሁ ለኩ፤ ሻጩ ይስቅ። ታዋቂዎቹ ኩባንያዎች አንዱን ኮርቻ በተለያየ ስፋት ይሠራሉ። ለምሳሌ የስፔሻላይዝድ ኮርቻዎች በ143፣ በ155 እና በ168 ሚሊ ሜትር ይገኛሉ። ስሙን ብቻ ይዞ «ያንን ኮርቻ ላኩልኝ» ማለት ስለዚህ ከንቱ ነው። ስሙም ስፋቱም መነገር አለበት።

ከመግዛት በፊት ግን መዋስ ይሻላል። የአብዛኛው ኮርቻ የታች ዘንጎች ክብና 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ብስክሌት ላይ ይገጥማል። ከካርቦን የተሠሩት ሞላላ ስለሚሆኑ ማሰሪያው ሊለይ ይችላል። እኔ ከጓደኞቼ ሁለት ተውሻለሁ። አንዱ ረጅምና ጠፍጣፋ፣ መሃሉ ድፍን። ሌላው አጭር፣ ከኋላ ትንሽ ቀና ያለ፣ መሃሉ ክፍት። በጠፍጣፋው ላይ አጥንቴ ደስ አለው፣ የፊቱ ግን ለኔ አልሆነም። በአጭሩ ላይ ሁለቱም ዝም አሉ። አጭር ኮርቻ በቅርብ ዓመታት የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጎንበስ ሲሉ በፊት በኩል ያለውን ለስላሳ ቦታ የሚጫን ነገር አይኖርም። መሃሉ የተከፈተው ግን ለሁሉም አይደለም። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ ጠርዙ ራሱ የሚያማቸው ሰዎች አሉ፤ ከነሱ አንዷ ከሆናችሁ ክፍት ሳይሆን ቦይ ብቻ ያለውን ሞክሩ።

ስትሞክሩ ከፍታውን እንደገና ለኩ። አንዱ ኮርቻ ከሌላው ይወፍራልና ያንኑ ቱቦ ያንኑ ቦታ መተው ትክክል አይደለም። በአሥር ደቂቃ ዙረትም አትወስኑ። የሚያመቸው ኮርቻ መጀመሪያ ላይ ጠንካራ ሊመስል ይችላል። እውነቱ የሚታወቀው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ዳገትም ሜዳም ባለበት መንገድ። ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አትቀይሩ። ኮርቻውንም መሪውንም ከነካካችሁ የቱ እንዳዳናችሁ አታውቁም።

የኔን ያመጣችልኝ ከዋሽንግተን የምትመጣ የአክስቴ ልጅ ናት። «ምን? ወንበር?» አለች በስልክ። ኮርቻ ከ200 እስከ 300 ግራም ቢመዝን ነው፤ ለዘመድ ከሚጫነው ጫማና ቪታሚን ይቀላል። ውጭ ያላችሁ ግን ዕድለኞች ናችሁ። አሜሪካና አውሮፓ ብዙ የብስክሌት ሱቆች መሞከሪያ ኮርቻ ያውሳሉ፣ ወይም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልተመቻችሁ ኮርቻውን ተቀብለው ገንዘባችሁን ይመልሱላችኋል። ስትገዙ ደፍራችሁ ጠይቁ። አጥንት የሚለኩበት መቀመጫም ስላላቸው ካርቶን ፍለጋ አትሄዱም።

ስለ ቆዳ ኮርቻ የሚጠይቁኝ አሉ። የእንግሊዙ ብሩክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1866 የተመሠረተ ነው፤ ቢ17 የሚባለው ኮርቻው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። ቆዳው በጊዜ ብዛት የባለቤቱን አጥንት ቅርጽ ይይዛል። ረጅም ጉዞ የሚሄዱ ይወዱታል። ግን ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ቀና ብሎ ለሚነዳ የተሠራ ነው። ክረምት ላይ እንዳይበሰብስ መሸፈንና ቅባት መቀባት ይፈልጋል። ለሐምሌው ዝናብ እኔ አልደፈርኩም።

ወደ ልብስ ልመለስ፤ ከኮርቻው እኩል ነው። ባለ ስፖንጅ ቁምጣ ግዙ። ስፖንጁ መወፈሩ ሳይሆን ስፌት መሃል ላይ አለመኖሩና ቦታውን ይዞ መቀመጡ ነው ቁም ነገሩ። ከስሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም። አዎ፣ ምንም። ይሄን ስናገር የማይደነግጥ ሰው አላየሁም። የውስጥ ሱሪ ስፌትና ላብ የያዘ ጥጥ ነው ቆዳውን የሚበላው። በቁምጣ ብቻ መንገድ ላይ መውጣት የማይመቻችሁ ሴቶች ከላይ ስስ ቱታ ደርቡበት፤ እኔም ጀማሪ እያለሁ እንዲሁ ነበር የማደርገው። ቱታው ሰፊ ከሆነ ግን የኮርቻው ጫፍ ላይ እንዳይያዝ ተጠንቀቁ፣ ዳገት ላይ ከኮርቻው ስትነሱ ይጥላችኋል።

ቁምጣውን አንዴ ለብሳችሁ ሳታጥቡ አትድገሙት። ገልብጣችሁ እጠቡ፣ ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። ከነዳችሁ በኋላ ቡና ተብሎ በረጠበ ቁምጣ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የብጉንጅ መጥሪያ ነው። ለሚፋፋቀው ቦታ ቅባት ይረዳል። ለብስክሌተኞች ተብሎ የተዘጋጀ አለ፤ እዚህ ካላገኛችሁ ቫዝሊንም ይሠራል፣ ከልብስ ላይ ለማስለቀቅ ግን ያስቸግራል። መላጨት የምትወዱ ከመንዳታችሁ በፊት ባለው ጠዋት አትላጩ፤ በተላጨ ቆዳ ላይ ላብና ፍትጊያ ሲጨመር ወዲያው ይቆጣል።

ጎማ። ይሄን ብዙ ሰው ከመቀመጫ ጋር አያገናኘውም። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ልጁ በኮምፕረሰር እንደ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋዋል። ቀጭኑ የሮድ ቫልቭ ማገናኛ ስለሚፈልግም ስንት እንደገባ አይታወቅም። ያ ሁሉ አየር የኮብልስቶኑን እያንዳንዱን ንዝረት ቀጥታ ወደ አጥንታችሁ ያደርሰዋል። መለኪያ ያላት የእጅ ፓምፕ ግዙ። እኔ 60 ኪሎ ነኝ፣ ጎማዬ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ65 እስከ 75 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃኛል። ድሮ 110 ነበር የምነዳው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፤ እስከዚያ ሙሉ ማለት አይደለም።

ስትነዱ ደግሞ ተነሱ። በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ጥቂት ዙር ቆማችሁ ርገጡ፤ ደም ይመለሳል። ቁልቁለት ላይ ፔዳሎቹን አግድም አድርጋችሁ ከኮርቻው ትንሽ ከፍ በሉ። ጉድጓድ ስታዩም እንዲሁ። ከእንጦጦ ኬላ ቁልቁል ስወርድ አብዛኛውን ጊዜ አልቀመጥም።

ያገለገለ ኮርቻ የምትገዙ ከሆነ ገልብጡት። ዘንጎቹ ቀጥ ያሉና እኩል መሆናቸውን እዩ። አንዱ ከተጣመመ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ያስቀምጣችኋል፣ ውሃ ልክም አያስተካክለውም። ዘንጎቹ ከፕላስቲኩ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ሲጢጥ ካለ ወይም ስንጥቅ ካለው ተዉት። ከላይ መሃሉ ላይ ተጫኑና ስፖንጁ ተመልሶ መነሳቱን አረጋግጡ። ሽፋኑ ጎን ላይ መቀደዱ ግን አያስፈራችሁ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት።